«ኡኡ አላለችም እኮ!» — ስለ ቴሌቪዥን ድራማና ስለተደፈሩ ሴቶች ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ደብረ ብርሃን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። በተለይ አንዲት ሴት ከተደፈረች በኋላ ያለው ሕይወቷ በድራማ እንዴት ይታይ የሚለው። ጸሐፊው የሰሜን ሸዋ ሰው መሆናቸውን ገና ሲጀምሩ ይነግሩናል። እኔም የዚሁ ብርድ ልጅ ነኝ። ስለዚህ የአገር ልጅ ለአገር ልጅ ፊት ለፊት እንነጋገር።

ላላነበበው ባጭሩ ላስረዳ። ጸሐፊው ጥቃት የደረሰባት ሴት በማግስቱ ሥራ ስትገባ፣ ስትበላ፣ ሳታለቅስ ስትናገር በድራማ ማየታቸው አልዋጥላቸው ብሏል። የሆስፒታሉና የፖሊስ ጣቢያው ክፍል አሰልቺ ስለሆነ ይቆረጥ ይላሉ። በምትኩ ወንድም ወይም እጮኛ ሲበቀል ብናይ አንጀታችን ይርሳል ባይ ናቸው። አንድ የቱርክ ድራማ ጠቅሰውም፣ ነገሩ በጋብቻና በይቅርታ ቢያልቅ ከእኛ ሽምግልና ጋር ይስማማል ይላሉ። መጨረሻ ላይ፣ እንዲህ ያለ ገመና ቤተሰብ በተሰበሰበበት ሰዓት አይታይ፣ ድራማ ማዝናኛ እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም ብለው ይዘጋሉ።

የምስማማበት ነጥብ አለ። ቦታው ላይ ስደርስ እናገራለሁ። የማልስማማበት ግን ይበልጣል። ምክንያቴ አንድ ነው። የተጎዳች ሴት ምን መምሰል እንዳለባት ብዙዎቻችን የተማርነው ከቴሌቪዥን ነው። የተማርነው ደግሞ ስህተት ነው። ያንን መልክ ይዛ ያልመጣችውን ልጅ አናምናትም።

«እውነት ቢሆን ታለቅስ ነበር»

ጸሐፊውን ያበሳጫቸው ትዕይንት ይሄ ነው። ልጅቷ ጠዋት ትነሳለች። ፊቷን ትታጠባለች። ፀጉሯን ትይዛለች። ታክሲ ተሳፍራ ቢሮ ትገባለች። አለቃዋ ሲቀልድ ፈገግ ትላለች። ጸሐፊው እዚህ ጋ ደራሲው ሴት አያውቅም ብለው ፈረዱ።

እኔ ደግሞ ደራሲው በደንብ ጠይቆ የጻፈው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1974 አን በርጀስ የተባሉ የነርሲንግ ምሁርና ሊንዳ ሆልምስትሮም የተባሉ የሶሲዮሎጂ ምሁር አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ቦስተን ከተማ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ተደፍረው የመጡ 92 ሴቶችን አነጋግረዋል። ግማሽ ያህሎቹ ያለቅሳሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይቆጣሉ። የቀሩት ግን ረጋ ብለው ተቀምጠዋል። ስሜታቸውን ውጠውታል። ከውጭ ለሚያያቸው ምንም የሆኑ አይመስሉም። ይህ ከታወቀ 50 ዓመት አልፎታል። የእኛ ድራማ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው የመጀመሪያዎቹን ብቻ ነው። ሻወር ቤት፣ የሚፈስ ውኃ፣ ግድግዳ ተደግፎ መንሸራተት፣ ከበስተኋላ ዋሽንት። በቃ።

ሌላው ጥያቄያቸው ለምን አልጮኸችም የሚለው ነው። ይሄ ጥያቄ እኛ ጋ ሥር አለው። መንዝም ሆነ ቡልጋ ኡኡታ ከተሰማ መንደሩ ዱላውን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ካልጮኸች ፈቅዳ ነው ብሎ መገመት ይቀላል። ሰውነት ግን በዚያ ሰዓት ባለቤቱን አያማክርም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የስዊድን ጥናት አለ። ስቶክሆልም ውስጥ ተደፍረው በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ለድንገተኛ ሕክምና የመጡ 298 ሴቶች ተጠየቁ። 70 በመቶዎቹ በጥቃቱ ጊዜ ሰውነታቸው ደርቆ፣ መንቀሳቀስ አቅቷቸው እንደነበር ተናገሩ። 48 በመቶዎቹ ላይ ነገሩ እጅግ የበረታ ነበር። እጅ አይነሳም። ድምፅ አይወጣም። ፍርሃት ልክ ሲያልፍ ሰውነት በራሱ የሚያደርገው ነው። መፍቀድ አይደለም።

ይህን የምጽፈው ክርክር ለማሸነፍ ብቻ አይደለም። በቅርቡ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ እንዲህ ያለ ድራማ ይታይ ነበር። በሩ ለብርዱ ተዘግቷል። ከሰሉ ተያይዟል። ሁላችንም ጋቢ ውስጥ ነን። ድራማው ላይ ያለችው ልጅ በጥቃቱ ሰዓት ዝም አለች። የቤቱ እመቤት ስኒውን እንደያዙ «ኡኡ አላለችም እኮ! ፈልጋ ነው እንጂ» አሉ። ሌላዋም ተቀበሉ፦ «እንዴ! አፏን ማን ያዘው?» ቡናውን የምትቀዳው የቤቱ እመቤት ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል ናት። ቀና ብላ እናቷን አየች። ከዚያ ስኒ መደርደሯን ቀጠለች። እናትየዋ ክፉ ሰው አይደሉም። ለልጃቸው ነፍሳቸውን የሚሰጡ ናቸው። ግን ነገ አንድ ነገር ቢደርስባት እናቷ መጀመሪያ ምን ብለው እንደሚጠይቋት ልጅቷ ያን ቀን አወቀች።

አላለቀሰችም ተብላ ያልታመነች ልጅ ታሪክ ደግሞ ልንገራችሁ። የሆነው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሊንውድ በምትባል ከተማ ነው። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 2008። ልጅቷ የ18 ዓመት ወጣት ናት። ያደገችው ከአንዱ አሳዳጊ ቤተሰብ ወደ ሌላው እየተዘዋወረች ነው። አንድ ሰው በሌሊት ቤቷ ገብቶ፣ በቢላዋ አስፈራርቶ ደፈራት። ለፖሊስ ተነገረ። ልጅቷ ስታወራ ግን ረጋ ብላ ነበር። አሳዳጊዎቿ የነበሩ ሴቶች ጠረጠሩ። አንዷ በኋላ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ፣ የምትነግረኝ የቴሌቪዥን የወንጀል ድራማ ጽሑፍ መስሎኝ ነበር ብለዋል። ልብ በሉ። ሴትዮዋ ልጅቷን የመዘኗት በድራማ ነው።

ጥርጣሬው መርማሪዎቹ ጋ ደረሰ። ልጅቷን ጠርተው ቃልሽ አይገጥምም እያሉ አፋጠጧት። ሲጨንቃት ዋሽቻለሁ አለች። በሐሰት ጥቆማ ተከሰሰች። 500 ዶላር የፍርድ ቤት ወጪ ክፈይም ተባለች። እ.ኤ.አ. በ2011 ኮሎራዶ ውስጥ ሌሎች ሴቶችን የደፈረ ሰው ተያዘ። ካስቀመጣቸው ፎቶዎች መካከል የእሷም ተገኘ። ሁለት ጋዜጠኞች ታሪኩን በ2015 ጻፉት፤ በማግስቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኙበት። በ2019 ኔትፍሊክስ «አንቢሊቨብል» የተባለ ድራማ ሠራው። እዚያ ያለችው ልጅ ጸሐፊውን የምታበሳጭ ዓይነት ናት። ዕንባ የላትም። ጥያቄ ትሸሻለች። ቃሏን ታጥፋለች። እውነተኛው ታሪክ እንደዚያ ነበራ።

ቃል መታጠፉም ቢሆን የሚጠበቅ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋጤ ሲመዘገብ ተቆራርጦ ነው። የሰውዬው ጃኬት ሽታ ቁልጭ ብሎ ይቀራል፣ ሰዓቱና የነገሩ ቅደም ተከተል ይጠፋል። ድራማ ግን ምስክር ላይ የቆመች ሴት ሁሉንም ነገር አንድ በአንድ፣ ልክ እንደ ቃል ጥናት ስትዘረዝር ያሳየናል። ከዚያ እውነተኛዋ ስትንተባተብ ዋሸች እንላለን።

«የሆስፒታሉ ክፍል ይቆረጥ»

እኔ ደግሞ ይርዘም ባይ ነኝ። ምክንያቱም ትልቁ ጭንቀት ያለው እዚያ ነው። ጸሐፊው ልብ የሚያንጠለጥል ነገር ከፈለጉ ከዚህ የበለጠ የት ያገኛሉ?

ሰዓቱን እንቁጠር። ከተደፈረች በኋላ ኤች አይ ቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ከዚያ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። እርግዝና የሚከላከለው ድንገተኛ እንክብል እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይሠራል። እሱም ቢሆን በዘገየ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል።

አሁን ይህን ሰሜን ሸዋ ላይ አምጡት። ልጅቷ የመንዝ ናት እንበል። ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ደረሰባት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ቤቱ ሰው በሰው ነው፣ ዝም ትላለች። እሁድ ማታ ለአክስቷ ትናገራለች። አክስቷ ለማን እንደምትነግር ስታሰላስል ሌሊቱ ይነጋል። ሰኞ በእግር ወደ መኪና መንገድ መውጣት አለ። መኪና መጠበቅ አለ። ዝናብ ከሆነ መንገዱ ጭቃ ነው። ለትራንስፖርት ብር መበደር አለ፤ ለምን እንደተበደሩ የሚነገር ሰበብም መፍጠር አለ። 72ኛው ሰዓት ማክሰኞ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ያልቃል። ይሄ ነው አሰልቺ የተባለው። ጥሩ ደራሲ ከዚህ ውስጥ ስንት ክፍል እንደሚያወጣ እሱ ይወቅ።

ሌላም አለ። የማውቃት አንዲት ነርስ ሁሌ የምታዝንበት ነገር የታጠበ ልብስ ነው። ልጅቷ ስትመጣ ገላዋን ታጥባ፣ ልብሷ በሳሙና ታሽቶ፣ ታጥፎ በፌስታል ይመጣል። አጥበው ያመጡት እናቷ ናቸው። ቆሻሻ ልብስ ይዞ ሐኪም ፊት መቅረብ ነውር መስሏቸው ነው። ማስረጃው በሳሙናው ሄደ። ባይታጠብም እንኳ ፌስታል አይሆንም። እርጥበቱ ታፍኖ ይሻግታል፣ ማስረጃው ይበላሻል። ልብሱ የሚቀመጠው በወረቀት ነው። ይህን ለስንት እናት በየቤቱ እየዞሩ መንገር ይቻላል? አንድ ድራማ ላይ ነርሷ ካኪ ወረቀት አውጥታ ልብሱን ስታስገባ፣ አንዲት እናት «ውይ፣ አጥቤው!» ስትል ቢታይ፣ ይህ የአንድ ደቂቃ ትዕይንት ነው።

እስካሁን የሚታየው ሐኪም ግን ሌላ ነው። በር ከፍቶ ይወጣል፣ መነጽሩን ያወልቃል፣ ለአባትየው ልጅዎ ድንግል አይደለችም ይላል። አባት ይወድቃል። ማስታወቂያ ይገባል። ኧረ ተዉ! የዓለም ጤና ድርጅትና ሁለት የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የድንግልና ምርመራ ምንም ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፣ ይቁም ብለዋል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 620ም ቢሆን አስገድዶ መድፈርን ሲደነግግ ስለ ድንግልና አይጠይቅም። ኃይል ወይም ዛቻ ነበር ወይ ነው የሚለው። ቅጣቱም ከ5 እስከ 15 ዓመት ነው፣ ሲከብድ ከዚያም ይወጣል። ብዙ ሴቶች ላይ ደግሞ ቁስልም ሰንበርም አይገኝም። ቁስል ስለሌለ ወንጀል የለም ማለት አይደለም።

እርግዝና ከመጣም የድራማው መንገድ የታወቀ ነው። ልጅቷ ጓሮ ለጓሮ ሄዳ ሥር ትጠጣለች፣ ትሞታለች፣ እኛ እናለቅሳለን። ይሄ ይደርሳል፣ አልክድም። ግን ሌላ በር መኖሩ አይነገርም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 እርግዝናው ከመደፈር የመጣ ከሆነ ጽንሱ በሕክምና ተቋም እንዲቋረጥ ይፈቅዳል። አንቀጽ 552 ደግሞ ለዚህ የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ነው ይላል። የፖሊስ ወረቀት አምጪ፣ ፍርድ እስኪሰጥ ጠብቂ አይባልም። ይህን የማታውቅ ልጅ ስንት ናት? ሃይማኖታዊ ክርክሩን ለየራሳችን እንተወው። ሕጉ ግን ይሄ ነው።

ይህ አሰልቺ ነው ለሚሉኝ አንድ የእንግሊዝ ምሳሌ ልስጥ። «ብሮድቸርች» የተባለው ተከታታይ ድራማ ሦስተኛ ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2017 ታየ። ደራሲው ከተጎጂዎች ጋር ከሚሠሩ ድርጅቶች ጋር ተማክሮ ነው የጻፈው። የመጀመሪያው ክፍል አብዛኛው ሴትዮዋ ቃል ስትሰጥ፣ ናሙና ሲወሰድ፣ ልብሷን ስታስረክብ ነው። እያንዳንዱን ነገር ከማድረጋቸው በፊት ፈቃዷን ይጠይቋታል። ጥቃቱ ራሱ ግን አልታየም። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው አፉን ከፍቶ ተመለከተው። ሰለቸኝ ብሎ ጣቢያ የቀየረ ካለም ብዙ አይመስለኝም።

የፍርድ ቤቱንም በአንድ ቃል ልለፈው። ድራማ ላይ ችሎቱ በሰው ተጨናንቆ፣ ጎረቤት ሁሉ ተኮልኩሎ፣ ልጅቷ መሐል ቆማ ትናገራለች። ይህን ያየች ልጅ ፍርድ ቤት መሄድ ማለት ገበያ መሐል ራቁት መቆም ይመስላታል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የግል ሕይወትንና ሥነ ምግባርን ለመጠበቅ ችሎት ዝግ ሊሆን እንደሚችል ተጽፏል። ዝግ ችሎት ለካሜራም ይመቻል። ሰው አያስፈልግም፣ ወጪ ይቀንሳል።

«ወንድሟ ሲበቀል አንጀት ይርሳል»

እዚህ ጋ ጸሐፊው ሳያስቡት እውነት ተናግረዋል። አንጀቱ የሚርሰው የተመልካቹ ነው። የልጅቷ አይደለም። ወንድምየው መሣሪያ ካነሳበት ደቂቃ ጀምሮ ድራማው የእሱ ይሆናል። እሷ አልጋ ላይ ተኝታ መስኮት ታያለች። ከዚያ በኋላ ካሜራው የሚመለስላት ለቀብር ወይም ለሠርግ ነው።

የእኛን አገር ደግሞ እናውቀዋለን። መንዝና መርሐቤቴ ላይ መሣሪያ የወንድ ልጅ ጌጥ ነው። ደም ከፈሰሰ ደም ይፈለጋል፣ ቂም ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። ስለዚህ ልጅቷ አፏን ስትከፍት የምታስበው ስለ ራሷ ብቻ አይደለም። ወንድሜ ይገድላል፣ ከዚያ ይታሰራል ወይም ይገደላል፣ እናቴ በእኔ ምክንያት ልጅ አልባ ትሆናለች ትላለች። ዝም የምትለው ጥቃቱን አቅልላ አይደለም። ወንድሟን ለማትረፍ ነው። ድራማው በቀሉን እንደ ጀግንነት ባሳየ ቁጥር ዝምታዋን ያጠነክርባታል።

ዝምታው ምን ያህል እንደሆነ የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያሳያል (ቁጥሩ እ.ኤ.አ. ነው)። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች 10 በመቶዎቹ ጾታዊ ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል። አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ውስጥ ደግሞ 66 በመቶዎቹ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። ከሦስቱ ሁለቱ ማለት ነው። ይህን ጥያቄ ያቀረበላቸው ሰው ምናልባት የመጀመሪያው ሰሚያቸው ነበር።

«በጋብቻ ቢያልቅ ባህላችን ነው»

ጸሐፊው የጠቀሱት የቱርክ ድራማ ፋትማጉል የምትባል የገጠር ልጅ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 በቱርክ ቴሌቪዥን ታየ። ልጅቷን ሰዎች ተባብረው ይደፍሯታል። ነገሩ እንዲዳፈን ሲባል በዚያ ሌሊት ከእነሱ ጋር የነበረ አንድ ወጣት ያገባታል። ቀስ በቀስ ፍቅር ይመጣል። ጸሐፊው ይህን የይቅርታ ውጤት አድርገው አደነቁ።

አንድ ነገር ግን ዘለሉ። ልጅቷ በመጨረሻ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ታደርሰዋለች። ለዚያ ድፍረት የሚያበቃት መንገድ ነው የድራማው ትልቁ ክፍል። ወጣቱም ባል ስለሆነ ብቻ አልታመነም። ለረጅም ጊዜ ፊቷን እንኳ አታሳየውም። ፍቅሩን ለብቻው መዝዞ አውጥቶ ጋብቻ ይፈውሳል ማለት ድራማውን አለማየት ነው። እርግጥ እኔም ከፍቅር ታሪኩ ጋር እታገላለሁ። ያን ሌሊት እዚያ የነበረ ሰው የልብ ሰው ሲሆን ማየት ያንገሸግሻል። መልከ መልካም ተዋናይ ሲጨመርበት ደግሞ ተመልካቹ ለማን እንደሚያዝን ይጠፋዋል።

የቱርክ የድሮ ሕግ ደፋሪው ተጎጂዋን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ይሰጥ ነበር። ቀዳዳው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ ሕግ ነው። እኛም ተመሳሳይ ነበረን። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 599 ተበዳይዋ ደፋሪዋን በፈቃዷ ካገባች ክስ አይቀርብም ይል ነበር። በፈቃዷ! ከጠለፋ በኋላ፣ ሌላ የሚያገባኝ የለም ተብላ፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ እያያት ፈቃዷን ተጠየቀች። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የአሁኑ ሕግ ይህን አስቀርቷል። አንቀጽ 587 ጠላፊው ቢያገባትም ከወንጀል ተጠያቂነት አያመልጥም ብሎ በግልጽ ጽፏል።

ሽምግልናን አላጣጥልም። የድንበር ጠብ ሲሆን፣ ውኃ ሲያጣላ፣ ደም ማድረቅ ሲያስፈልግ፣ ፍርድ ቤት በዓመት የማይጨርሰውን ሽማግሌ በአንድ ዛፍ ጥላ ይጨርሰዋል። በእነዚህ ሰዎች እኮራለሁ። ግን ለመደፈር የሚቀመጡትን ሽማግሌዎች እዩዋቸው። የልጁ አባት አለ፣ የልጅቷ አባት አለ፣ ጎረቤት አለ። ካሳ ይነገራል። በሬ ይጠቀሳል። ልጅቷ ጓዳ ናት። በራሷ ጉዳይ ላይ የሌለችው እሷ ብቻ ናት። ይህን ትዕይንት ልክ እንደዚህ የሚጽፍ ደራሲ ቢመጣ ባህልን አዋረደ አልለውም። የእኔ ጥያቄ ካሜራው ሽማግሌዎቹ ጋ ሳይሆን ጓዳው ውስጥ ይቀመጥ ነው።

ስለ ቤተሰብ ሰዓትና ስለ ማዝናኛ

የምስማማበት ነጥብ ይሄ ነው። ጥቃቱ ራሱ በዝርዝር መታየት የለበትም። ሕፃናት ስላሉ ብቻ አይደለም። ከተመልካቹ መካከል የደረሰባት ሴት መኖሯ አይቀርም። ቡናዋን ይዛ በተቀመጠችበት ያን ሌሊት መልሶ መጫን ግፍ ነው። አንዳንዱ ካሜራ ደግሞ ቀሚሷን እየተከተለ የሚቀርጸው ለማን ብሎ እንደሆነ አይገባኝም። ይህ ይቆረጥ። ጸሐፊው ግን የጥቃቱንም የማግሥቱንም አንድ ላይ ገመና ብለው ጠቀለሉት። የማግሥቱ ምኑ ነው ገመና? ሐኪም ቤት መሄድ ነው? ለእናት መናገር ነው?

ድራማ ትምህርት ቤት አይደለም በሚለውም ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። አንዲት ፖሊስ ካሜራውን እያየች አንቀጽና ንዑስ አንቀጽ ስትደረድር እኔም ሪሞቱን እፈልጋለሁ። የድርጅት ሎጎ ከጥግ ብቅ የሚልበት ዓይነት ድራማ ማንንም አላዳነም። ግን ስብከት መጥፎ ስለሆነ ውሸት ይሻላል አይባልም። ድራማ ሲያዝናናም ያስተምራል። እናቶቻችን «ኡኡ አላለችም እኮ»ን መንደር ውስጥ ጀምረውት ይሆናል። በየምሽቱ ያጸናላቸው ግን ድራማው ነው።

ጸሐፊው ያላነሱት አንድ ነገር ቀርቷል። ያ የ2016 ጥናት፣ ያገቡ ሴቶች ላይ ጾታዊ ጥቃት አድራሽ ሆኖ በብዛት የሚጠቀሰው ባል ወይም የትዳር አጋር መሆኑን ያሳያል። በጨለማ መንገድ ላይ የሚጠብቅ የማይታወቅ ሰው አይደለም። አንቀጽ 620 ግን የሚናገረው ከጋብቻ ውጪ ስለሚፈጸም ድርጊት ነው። እኔ እስካሁን ባየኋቸው ድራማዎች ውስጥ ደፋሪው ሁሌም የሀብታም ልጅ ወይም ፊቱን የሸፈነ ሌባ ነው። ባል የሆነበትን አላየሁም። ጸሐፊው ሌላ ጽሑፍ ካሰቡ በዚህ ላይ ይጻፉ። እንደገና ብንጣላም አነብላቸዋለሁ።